የአይስክሬም ዘፋኟ እትዬ ጊዜ

እትዬ ጊዜ ማረፋቸውን የሰማሁት ጎማ ቤት ተቀምጬ ነው። የቫኔን የኋላ ጎማ ሚስማር ወግቶት እሱ እስኪለጠፍ ስጠብቅ እትዬ ስንዱ ደወሉልኝ። እትዬ ስንዱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ላይ ሬስቶራንት ያላቸው ሴት ናቸው፤ ቅዳሜና እሁድ ኪቦርድ የምጫወተው እሳቸው ጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደውሉልኝ አርፍጄ ስለሆነ ገና ሳይናገሩ፣ "ኦን ማይ ዌይ ነኝ እትዬ፣ ደርሻለሁ" አልኳቸው።

"ደረጀ፣ ጊዜ አረፈች" አሉኝ።

"የቱ ጊዜ?"

"የኛዋ ናት እንጂ! እህቷ ከጀርመን ደውላ። እኔ ቋንቋዋን አልሰማ፤ 'ጊዜላ፣ ጊዜላ' ትልና ታለቅሳለች። እኔም ስልኩን ይዤ አብሬያት አለቀስኩ። ሂሳብ ሊከፍል የቆመው ሰውዬ ደንግጦ ወጣ።"

ሙሉ ስማቸው ጊዜላ ነበር። እኛ ሰፈር የመጨረሻዋ ፊደል ወዲያው ወደቀችና እትዬ ጊዜ ሆነው ቀሩ። አንድ ቀን በኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ሽሯቸውን ጠቅልለው አፋቸው ድረስ ካደረሱ በኋላ መልሰው አስቀመጡት። "ለኔ ይሄን ስም አወጣችሁ? የኔ እኮ ያለፈ ነው!" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። በራሳቸው መሳቅ የሚወዱትን ያህል ሌላ ነገር ሲወዱ አላየሁም።

በማግስቱ እትዬ ስንዱ ሬስቶራንቱን ለሁለት ሰዓት ዘግተው ለቅሶ አስቀመጡን። ታክሲ ነጂዎቹ እየገቡ፣ "ማን ሞተ?" ይላሉ። "ጀርመኗ" ስንላቸው ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ማንም፣ ጀርመን እኛ ጋ ምን ታደርጋለች ብሎ አልጠየቀም።

መጀመሪያ የተዋወቅን ጊዜ እኔ ራሴን ዘፋኝ ነኝ ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። ቀን ቀን ኤርፖርት ሻትል ድራይቭ አደርጋለሁ፤ ይሄ ግን ጊዜያዊ ነው እያልኩ ፀጉሬ አለቀ። ሬስቶራንቱ መስኮት ላይ የተለጠፈው ፎቶዬ ፀጉር ስለነበረው፣ እሱን አይተው የገቡ ሰዎች እኔን ሲያገኙኝ፣ "ወንድም፣ ውሃ አምጣልን፤ ዘፋኙ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?" ይሉኝ ነበር። ድምፄን ለማሳመር ማይክሮፎኑ ላይ ኤኮ እለቅበታለሁ። "ፍቅሬ" ብዬ ስጀምር "ቅሬ፣ ቅሬ፣ ቅሬ" እያለ ኩሽና ይደርሳል።

እንደዚያ ስዘፍን በአንድ ቅዳሜ፣ ገና ሰው ለራት ሳይሞላ፣ አንዲት ረጅም ቀጭን ፈረንጅ ጥግ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሽሮ ይበላሉ። ከንፈራቸው ብርቱካናማ ተቀብቷል፤ መነጽራቸው ግማሽ ፊታቸውን ይሸፍናል። ዕረፍት ስወጣ ወደኔ መጡ።

"ጣቶችህ በጣም ጥሩ ናቸው" አሉኝ።

"ቴንኪው።"

"ዝፈን ያለህ ማነው?"

አድናቂ መስለውኝ ደረቴን ነፋሁ። "ማንም አላለኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ውስጤ ያለ ነገር ነው።"

"ታዲያ እዚያው ለምን አልተውከውም?"

ይሄን ብለው ጎንበስ አሉና የኤኮውን ቁልፍ ዜሮ ላይ አድርሰው ወደ ሽሯቸው ተመለሱ።

የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ የሳቸው ጀርመን የተቆረጠ፣ የኔ መርካቶ የተጠገነ። እንግሊዝኛ አንቱ ባይኖረውም እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው አንቱ ካላልኳቸው ምላሴ እሺ አይለኝም።

ያን ምሽት በንዴት እትዬ ስንዱን፣ "ማናት ይቺ ሴትዮ?" አልኳቸው።

"ከጀርባ ያለው አፓርታማ ነው የምትኖረው። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ናት። ድሮ ዘፋኝ ነበርኩ ትላለች።"

"ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዘፋኝ ነበርኩ የማይል አለ እንዴ?" አልኩ፣ እኔ!

ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ፈለግኳቸው። አገኘኋቸው። ቢጫ አጭር ቀሚስ የለበሰች ልጅ ከሰው ቁመት በላይ በሆኑ የፕላስቲክ አይስክሬሞች መሀል ቆማ ትዘፍናለች፤ ታዳሚው በሙሉ ከረባቱን እንዳሰረ ያጨበጭባል። ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳየውን ቁጥር ኮማው ላይ እንዳልሳሳት ሁለቴ አነበብኩት። የኔን ቪዲዮ ያዩት እናቴ፣ እህቴና እኔ ነን፤ ከሦስታችን ደጋግሜ ያየሁት እኔ ነኝ።

ታሪካቸውን በየቅዳሜው ቁርስራሽ ቁርስራሽ አድርገው ነገሩኝ። አባታቸው ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ጫማ ቤት ነበራቸው። ከእህታቸው ከኤርና ጋር ሱቁ ውስጥ ሳጥን እየደረደሩ ይዘፍኑ ነበር። ገና ልጅ ሳሉ የዘፈን ውድድር አሸነፉና አንድ የሙዚቃ ኩባንያ ወሰዳቸው። ኩባንያው አይስክሬም ሻጭ ስላፈቀረች ልጅ የሚያወራ ዘፈን ሰጣቸው። በጋው ሲያልቅ ሻጩ ጋሪውን ገፍቶ ይሄዳል፤ ልጅቷ ባዶውን ማንኪያ እንደያዘች ትቀራለች። አለቀ። ዘፈኑ በአንድ በጋ አገሩን ሞላው።

"ወተት እኮ አይስማማኝም" አሉኝ። "ፎቶ ሲያነሱኝ አይስክሬሙን እየላስኩ፣ ከዚያ ሮጬ መጸዳጃ ቤት። ዕድሜዬን ሙሉ የዘፈንኩት ስለ ሆድ ሕመሜ ነው።"

ሌላ ዘፈን ሲያወጡ የሚሰማቸው አጡ። የትም ቢሄዱ፣ "አይስክሬሙን!" ነው የሚባሉት። የቤት ዕቃ መደብር ሲመረቅ ዘፈኑት፣ መርከብ ላይ ዘፈኑት፣ የአሳማ አርቢዎች በዓል ላይ ሳይቀር ዘፈኑት። በመጨረሻ አንድ ማናጀር፣ አሜሪካ ላይ ትልቅ ትሆኛለሽ ብሎ እዚህ አመጣቸው። በእንግሊዝኛ አልበም ሠሩ። የአሜሪካው ኩባንያ ሰውዬ ሰምቶ፣ "ሴትዮዋ በፍቅር ዘፈን ታዘኛለች" ብሎ ሳይወጣ ቀረ። ማናጀሩ ተመለሰ፤ እሳቸው ግን እንዴት ብለው ይመለሱ? ለእህታቸው፣ "ሆሊውድ ሥራ በዝቶብኛል" ብለው ደወሉ። ሥራው ፊልም ላይ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ በጀርመንኛ "ቁም!" ብሎ መጮህ ነበር። ኋላ አንድ ፒያኖ ቃኚ አግብተው የሌላ ሰው ልጆችን መዝፈን እያስተማሩ ኖሩ።

ይሄን ሁሉ ሲያወሩ አንድ ልማድ ነበራቸው። ስለ ዘፈን ሊናገሩ ሲሉ በሁለት ጣታቸው ጉሮሯቸውን እንደ በር ያንኳኳሉ። "ማንም የለም" ይላሉ። "ወጥታለች።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት ትምህርት፣ ታዋቂ ሰው ስላገኘሁ አልበሜን ላሰማቸው የሚል ብቻ ነበር። ጓደኛዬ ኮሪያታውን ባለው መኝታ ቤቱ ውስጥ ቁም ሳጥን ውስጥ አቁሞ የቀዳኝ አልበም ነው፤ መሀሉ ላይ የጎረቤት ውሻ ይሰማል። ቫኔን ኦሎምፒክ ጎዳና ጥግ ላይ ፓርክ አድርጌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰማኋቸው። አንዴም ሳያቋርጡ መስኮቱን እያዩ ሰሙ። ሲያልቅ የመቀመጫቸውን ቀበቶ ፈቱ።

"መኪናህ በጣም ንጹሕ ናት" አሉኝ።

"ዘፈኑስ?"

"ደሬ፣ አንተ ስትጫወት ሰው ማንኪያውን ያስቀምጣል። ስትዘፍን መልሶ ያነሳዋል። እኔ ሁለቱንም ጥግ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ።"

ሁለት ቅዳሜ አኮረፍኩ። ጥግ ላይ ሲቀመጡ ፊቴን ወደ ኩሽናው አዞራለሁ። ሦስተኛው ላይ ራሳቸው መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉና፣ "እኔም እኮ ማንም ያልሰማው አልበም አለኝ" አሉኝ። "ከሥራዎቼ ሁሉ ያማረው እሱ ነው። እስካሁን አንድ ቅሬታ አልመጣበትም።" ስቄ ሞትኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝፈኑን ትቼ ለሌሎች ዘፋኞች ብቻ መጫወት ጀመርኩ፤ ሰው ለሠርግ ይጠራኝ ጀመር። ፎቶዬንም ከመስኮቱ አነሳሁት። እትዬ ስንዱ ቦታው ላይ የክትፎ ሥዕል ለጠፉበት፤ ገበያ እንደጨመረላቸው አልደበቁኝም።

ከዚያ የቴሌቪዥኑ ጉዳይ መጣ። አንድ የጀርመን ጣቢያ የድሮ ዘፋኞች ዛሬ የት እንደደረሱ የሚያሳይ ፕሮግራም አለው፤ ቤትዎ መጥተን እንቅረጽዎ አሏቸው። እትዬ ጊዜ ያን ቀን ምግብ አዘው አልበሉም።

"ምነው? ጥሩ ዜና አይደለም እንዴ?" አልኳቸው።

"ኤርና የምኖረው መዋኛ ገንዳ ያለው ቪላ ውስጥ ይመስላታል። እኔ ነኝ ያልኳት። እሷ ለከተማው ሰው ሁሉ አውርታለች። አሁን ካሜራ ይዘው መጥተው ያንን ባለ አንድ ክፍል ቤቴን ሊያሳዩዋት ነው።"

ዝም ብል ምን ነበረበት? "ኖ ፕሮብለም!" አልኩ። "ቪላ እኔ አለኝ።"

ቪላው የዶክተር ፍስሐ ነው። ዶክተሩ ተማሪ ሆኖ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ፓሳዴና ሆስፒታል የሚሠራ፣ የልጁ ሠርግ ላይ ስለተጫወትኩ የሚወደኝ ሰው ነው። ያንን ገንዳ በደንብ አውቀዋለሁ። እናቴ ሳሎን የተሰቀለው ፎቶዬ የተነሳው እሱ ዳር ነው፤ እናቴ ለጎረቤት፣ "የልጄ ቤት" እያለች ስታሳይ ስንት ዘመኗ። ስለዚህ በሙያው አዲስ አልነበርኩም። ዶክተሩም ጉዳዩን ስነግረው፣ "ለአርት ከሆነ ኦኬ ነው" ብሎ ፈቀደ። ብቻ እሱም ቴሌቪዥን ላይ እንዲወጣ ፈለገ፤ ጎረቤት ሆኖ አጥሩ ጋ እንዲቆም ተስማማን።

በቀጠሮው ቀን ጥቁር ሱፍ ለብሼ፣ ከሥራ ባልደረባዬ ጥቁር መኪና ተውሼ፣ እትዬ ጊዜን ፓሳዴና አደረስኳቸው። የዶክተሩን የቤተሰብ ፎቶዎች ሰብስበን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትን። አንዲት ወጣት ፕሮዲውሰርና አንድ ካሜራማን መጡ። እትዬ ጊዜ ገንዳው ዳር ተራመዱ፤ ከመኪና ሲወርዱ ተቀረጹ፤ እኔ በሩን ከፈትኩላቸው። ሁሉም ነገር ያለ እንከን እየሄደ ሳለ ፕሮዲውሰሯ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀች። እትዬ ጊዜ በልበ ሙሉነት አንዱን በር ከፈቱላት። መጥረጊያና ባልዲ ነበር። ሁለተኛውን ከፈቱ። የዶክተሩ የክረምት ካፖርቶች።

"ቤቱ ትልቅ ነው" አልኩ እኔ፣ እንደ ማብራሪያ።

ልጅቷ ሦስተኛውን በር ራሷ ከፍታ ገባች። ስትመለስ ግን ፒያኖው ላይ ያልሰበሰብነው አንድ ፎቶ አየች፤ ሦስት ልጆች የምረቃ ልብስ ለብሰው። ወደኔ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ "እነዚህ እነማን ናቸው?" አለችኝ።

ከሁለቱ በሮች በኋላ አእምሮዬ ሥራ አቁሞ ነበር። "የእሳቸው ልጆች ናቸው" አልኩ። "አዶፕት አድርገዋቸው ነው።" በመስኮቱ በኩል ደግሞ ዶክተሩ፣ አፍንጫው ከልጆቹ አፍንጫ ጋር አንድ የሆነው፣ አጥሩ ጋ ቆሞ እጁን ያውለበልባል።

እትዬ ጊዜ ቀሚሳቸውን ሊያስተካክሉ ጎናቸው ላይ ያሳረፉት እጅ እዚያው ቀረ። እኔም እንድሰማ በእንግሊዝኛ ነው የተናገሩት።

"አይደሉም። ቤቱን ዋሽቻለሁ፤ ገንዳውንም ዋሽቻለሁ። ልጅ ግን የለኝም። ልጅ አለኝ ብዬ አልዋሽም።"

ከዚያ በጀርመንኛ ቀጠሉ። ረጅም ነበር። አንዲት ቃል ባልሰማም የልጅቷን ፊት አይ ነበር፤ መጀመሪያ ማስታወሻ ትጽፍ ነበር፣ ኋላ መጻፉን ተወችው። እኔ ገንዳውን እያየሁ ዋና አለመቻሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ያለው መሰለኝ።

ሲጨርሱ ወደሳቸው ሄድኩ። "እትዬ ጊዜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደንግጬ ነው።"

ትከሻዬን ያዙኝ። "ሦስት ልጅ በአንድ ደቂቃ፣ ደሬ! እኔና ባሌ ያን ሁሉ ዘመን ሞክረን አንድ አቃተን።" ሳቁ፤ መነጽራቸውን ግን አወለቁ፤ ያኔ ነው ዓይናቸው ሰማያዊ መሆኑን ያወቅኩት። ከዚያ ለፕሮዲውሰሯ፣ "ርቦኛል። የምኖርበት ሰፈር ሄደን እንብላ" አሏት።

ፌርፋክስ ስንደርስ ምሳ ሰዓት ነበር። እትዬ ስንዱ ካሜራ ሲያዩ ሻሻቸውን ቀየሩ። ታክሲ ነጂዎች ጥብሳቸውን ይበላሉ። እትዬ ጊዜ ኪቦርዱ ጋ ሄደው፣ "አይስክሬሙን እንሞክረው፤ ዝቅ አድርግልኝ" አሉኝ። አወረድኩት። "አሁንም።" አሁንም አወረድኩት። "ቀስ በል፤ ልጅቷ አርጅታለች።"

ጉሮሯቸውን አላንኳኩም። በዚያ በተሰነጠቀ ወፍራም ድምፃቸው ጀመሩ። ፈጣኑ የልጆች ዘፈን ሌላ ነገር ሆነ። በቪዲዮው ላይ ሰው ያጨበጨበበት ቦታ ላይ እዚህ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንድ ነጂ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቆየ። ሲያልቅ ሰውዬው ዓይኑን ጠርጎ፣ "ስለምንድን ነው ዘፈኑ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ስለ አይስክሬም።"

"ወይ አይስክሬም!" አለና እንደገና ዓይኑን ጠረገ።

ፕሮግራሙ የተላለፈው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። እሁድ ቀን ሬስቶራንቱ ውስጥ ላፕቶፕ ፊት ተሰብስበን ጠበቅን። መጀመሪያ ገንዳው መጣ። ከዚያ ዛፎቹ። ከዚያ እኔ፣ በሱፌ፣ የመኪና በር ስከፍት። ከጀርባ የሚናገረውን ሰውዬ እትዬ ጊዜ እየተረጎሙልን ነው። "'ዛሬ በካሊፎርኒያ ቪላዋ በጸጥታ ትኖራለች... ከታማኝ ሾፌሯ ጋር።'" ሬስቶራንቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ ለእናቴ ቀድሜ፣ የሙዚቃ ዳይሬክተር ሆኜ እወጣለሁ ብዬ ደውዬላት ነበር። ሌላው ሁሉ ተቆርጧል። የተናገሩት እውነት የለም፤ ፌርፋክስ የለም፤ ዘፈኑ የለም፤ በምትኩ ያቺ ባለ ቢጫ ቀሚስ ልጅ ተመልሳ መጣች። ዶክተሩ ግን አለ፤ ጥርት ብሎ እጁን ያውለበልባል።

እትዬ ጊዜ አልሳቁም። "በነጻ ከውሸቴ ልወጣ ነበር" አሉ። "አሁን ራሴ መናገር አለብኝ።" ስልካቸውን አወጡና እዚያው ፊታችን ለእህታቸው ደወሉ።

ድምፁ ከስልኩ ይሰማ ነበር፤ የሳቸውን የመሰለ፣ ብቻ ደረቅ ያለ። እትዬ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አፍጥጠው ጥቂት ተናገሩ። እትዬ ስንዱ እጄን ጨመቁኝ። ከዚያ እህትየዋ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ፤ እትዬ ጊዜ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቀጥሎ ሁለቱም በአንድነት መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

ሲዘጉ እትዬ ስንዱ አላስቻላቸውም። "ምን አለችሽ? ንገሪን እንጂ!" አሉ በአማርኛ፤ እኔ ተረጎምኩ።

"'ቤት የለኝም፤ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ዋሽቼሻለሁ' አልኳት። 'የአባታችን ጫማ ቤት እኮ ከተሸጠ ቆየ' አለችኝ። በየገናው፣ 'ዘንድሮ ገበያው ጥሩ ነው' ትለኝ ነበር! አሁን ሞባይል ነው የሚሸጥበት። እንዳላዝን ብላ ነው።"

በዚያው መከር ሄዱ። ለአንድ ወር ነበር ያሉት፤ ሁለት ዓመት እዚያው ቆዩ። እህታቸው ጋ፣ ከሞባይል መሸጫው ፎቅ ላይ፣ አብረው ኖሩ። አልፎ አልፎ ይደውሉልኝ ነበር። እሁድ እሁድ አዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ እንደሚዘፍኑ ነገሩኝ። "ግማሾቹ ከኔ ያንሳሉ" ይሉኛል፣ "ግን በደንብ ስለማይሰሙ ተስማምተናል።" ኤርና ሁለተኛውን ድምፅ ይይዙላቸው ነበር።

እኔ ሳስታውሳቸው ግን ሁሌ የሚመጣብኝ የሄዱበት ቀን ነው። ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ በራሴ ቫን። ተርሚናሉ ጋ ሻንጣቸውን አውርጄ ልሰናበት ስል አንዱ ትራፊክ፣ "ንዳ! ንዳ!" እያለ ጮኸብኝ። ያሰብኩትን ንግግር ሳላደርግ፣ በቅጡ ሳላቅፋቸው፣ መኪናው ውስጥ ገብቼ ነዳሁ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ የመውጫው ምልክት አለፈኝ። በየቀኑ ለእንጀራዬ የምነዳበት መንገድ ነው። ኤርፖርቱን አንድ ዙር ዞሬ ያው ተርሚናል ጋ ተመለስኩ።

እትዬ ጊዜ ገና አልገቡም። ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ብርቱካናማውን ከንፈራቸውን እየተቀቡ ነበር። ቫኗን ሲያዩ የእጅ መስተዋታቸውን ዘጉ። መስኮቱን አወረድኩት።

"ምን ረሳህ?"

"ምንም። መንገድ ጠፋኝ።"

መስተዋቱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ተነስተው ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው አስተካከሉና መስኮቱ ላይ ጎንበስ አሉ።

"ከመድረክ ወርደህ ሕዝብ ሲጠራህ አንድ ጊዜ መመለስ ጥሩ ነው፣ ደሬ" አሉኝ። "ሁለት ጊዜ ከተመለስክ ግን ይሰለቹሃል። ሂድ በቃ።"

ትራፊኩ እንደገና ጮኸ። እሳቸው ሻንጣቸውን ይዘው ወደ በሩ ዞሩ፤ በሩ ተከፈተላቸውና ገቡ።